ሃምሳ ነጥብና የአክስቴ መዳፍ

ውጤቱ የደረሰኝ አንድ ማክሰኞ ማታ ነው፤ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳ አላወለቅሁም። አምስት ሳጥን ያለው ወረቀት ነው። ሽታ ከ12፣ መልክ ከ3፣ ጣዕም ከ20፣ አፍ ውስጥ ያለው ክብደት ከ5፣ ጠቅላላ ግምት ከ10፤ ሲደመር 50። የእኔ ጠላ 5፣ 1፣ 9፣ 3 እና 5 ተሰጥቶታል። 23። በሠንጠረዡ ከ21 እስከ 29 ያገኘ «ጥሩ» ይባላል፤ ይኸ «ጥሩ» ግን አስተማሪ ስለ ሰነፍ ተማሪ ለወላጅ ሲናገር «ጥሩ ልጅ ነው» እንደሚለው ያለ ጥሩ ነው። ዳኛው በየሳጥኑ ጽፏል፦ ጭሱ በዝቷል፤ ይጎመዝዛል፤ ምላስ ያደርቃል፤ ደፍርሷል፤ ጠርሙሱ ሲከፈት ገንፍሎ ጠረጴዛ አርሷል። መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ የትሕትና መስመር አክሏል፦ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ቀምሼ አላውቅም፣ ስለላክኸው አመሰግናለሁ።

ያቺን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። ቀምሶት የማያውቀውን ነገር ከ50 ስንት እንደሚገባው በምን አወቀ?

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ነው። መድኃኒት ማከፋፈያ መጋዘን እሠራለሁ። ድሮ፣ ጢሜ ሳያቀመቅም፣ ደብረ ብርሃን ዲያቆን ነበርኩ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ጋራዡ ውስጥ ቢራ ይጠምቃል። እዚህ አገር ሰው ለራሱ ቢራ በቤቱ እንዲጠምቅ የፌዴራሉ መንግሥት የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 ጂሚ ካርተር በፈረሙት ሕግ ነው። ዛሬ ክራፍት ቢራ የሚባለውን ከሚሠሩት ትንንሽ ጠማቂዎች ብዙዎቹ በጋራዥና በማድ ቤት ነው የጀመሩት። የእኛ ሰፈር ሰው ደግሞ በዚህ ነገር ኩራት አለበት፤ ታላቁ የአሜሪካ ቢራ ፌስቲቫል በ1982 የተጀመረው በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ በሚርቀን ቦልደር ነውና። ጎረቤቴ ጠማቂ ብቻ ሳይሆን ተፈትኖ ያለፈ ቀማሽ ነው። በ1985 የተቋቋመ የቢራ ዳኞች ማኅበር አለ፤ ከዚያ የተሰጠውን ካርድ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር በአንድ ቦርሳ ይዞ ይዞራል።

ባለፈው ዓመት «ውድድር አለብን፣ አሳላፊ ጎድሎናል፣ ና» ብሎ ወሰደኝ። አሳላፊ ያልኩት እኔ ነኝ፤ የእነሱ ቃል ሌላ ነው። ሥራው ግን ያው ነው። በግብር ላይ ቆሞ ጠጅ እንደሚያሳልፍ ሰው ጠርሙሱን ታመጣለህ፣ ትከፍታለህ፣ ትቀዳለህ፣ ውኃና ዳቦ ታቀርባለህ፣ የተረፈውን ባልዲ ውስጥ ትደፋለህ። ጠርሙሱ ላይ ከቁጥር በስተቀር ምንም የለም። ማን እንደጠመቀው ዳኛው አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ለእያንዳንዱ ዳኛ ሁለት ጉንጭ የማይሞላ ይቀዳለታል። በመጀመሪያ የሚያደርገው አፍንጫውን ወደ ብርጭቆው መስደድ ነው፤ ሽታው ከአረፋው ጋር ቶሎ ስለሚጠፋ። ከዚያ ብርሃን ላይ ያየዋል። ከዚያ ይቀምሳል። ወይን ቀማሽ ይተፋል፤ ቢራ ቀማሽ ግን ይውጣል። ጽፈው እስኪጨርሱ አንዳቸው ለሌላው ቃል አይተነፍሱም። ያን ያህል ሰው ጠርሙስ ከብቦ ያን ያህል ዝም ያለበት ቦታ አይቼ አላውቅም፤ የፍልሰታ ሱባዔ ነው የሚመስለው። ጽፈው ሲያበቁ ነጥባቸውን ያወዳድራሉ። ልዩነቱ በዚያ ውድድር ከ7 ነጥብ ከበለጠ ተነጋግረው ማቀራረብ ነበረባቸው።

ቀን ሙሉ ቆሜ ስሰማቸው ዋልኩ። አንዱ ዳኛ አንድ ፒልስነር አሽትቶ ፊቱን አጨማደደና «ዳያሴቲል» አለ። ለእኔም አቀበለኝ። አሸተትኩት። ንጥር ቅቤ! ጥቅምት ላይ የእናቴ ማድ ቤት፣ ኮረሪማው ሳይገባበት በፊት ያለው የቅቤ ሽታ። ዓይኔ እንባ አቀረረ ብል ማጋነን አይደለም። ዳኛው ግን ለዚህ ሽታ ከ12ቱ 4 ነው የሰጠው። ፒልስነር ቅቤ ቅቤ ከሸተተ ስሕተት ነው፤ እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ተቸኩሏል ማለት ነው። በአንዳንድ የእንግሊዝና የቼክ ቢራ ደግሞ ያው ሽታ በትንሹ ከተገኘ አያስወቅስም። ሌላ ጠረጴዛ ላይ ጉዝ የሚባል የቤልጂየም ቢራ ቀረበና አንዲት ሴት ዳኛ የፈረስ ግላስ ይሸታል ብላ አመሰገነችው። ላብ የጠጣ የፈረስ ግላስ! ያ ሽታ እዚያው ፒልስነሩ ላይ ቢገኝ ኖሮ ወደ ባልዲው ነበር።

መጀመሪያ የገባኝ ነገር ይህ ነው፦ እነዚህ ሰዎች የሚጣፍጠውን ከማይጣፍጠው አይደለም የሚለዩት። ለእያንዳንዱ የቢራ ዓይነት የተጻፈ ሥርዓት አለ፤ ቀለሙ እስከምን፣ ምሬቱ እስከምን፣ ሽታው ምን ምን። ብርጭቆው የሚመዘነው በዚያ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ሕግንና በደልን እንዴት እንዳቆራኛቸው ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። ቅቤው ያው ቅቤ ነው። በደል የሚሆነው ሕጉ ሲመጣ ነው።

ፈላስፋው ካንት በዚህ ይስቅ ነበር። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ወይን ሲያነሣ፣ «ይህ ወይን ደስ ይላል» የሚልን ሰው «ለእኔ ደስ ይላል በል» ብሎ ማረም ይገባል ይላል፤ የምላስ ነገር በየምላሱ ነውና ክርክር አያስነሣም ባይ ነው። የካንትን ነገር በዚሁ ልለፈው። የውድድሩን አዳራሽ ላየ ሰው የምላስ ነገር ምን ያህል እንደሚያከራክር ማስረዳት አያስፈልግም።

ሂዩም ይሻለኛል። ዴቪድ ሂዩም በ1757 ስለ ጣዕም መለኪያ በጻፈው ድርሰት ከሰርቫንተስ «ዶን ኪሾት» አንድ ታሪክ ተውሷል። የሳንቾ ፓንሳ ሁለት ዘመዶች ከአንድ በርሜል ወይን ቅመሱ ይባላሉ። አንዱ ቀምሶ፣ አውጥቶ አውርዶ፣ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ቆዳ ቆዳ ባይል ይላል። ሁለተኛው ጥሩ ነው፣ ትንሽ ብረት ብረት ባይል ይላል። ሰዉ ተሳለቀባቸው። በርሜሉ ሲገለበጥ ግን ከሥሩ የቆዳ ማንጠልጠያ ያለው አሮጌ ቁልፍ ተገኘ። ሂዩም በዚህ ሊያሳይ የፈለገው፣ ቀማሽ ከራሱ ስሜት ብቻ አይናገርም፣ ከበርሜሉ ውስጥ ያለ ነገር አግኝቶ ነው የሚናገረው የሚለውን ነው። የለመደ፣ ያወዳደረ፣ ከወገንተኝነት የጸዳ ምላስ ሌላው ያላገኘውን ያገኛል።

ይህን ታሪክ ለጎረቤቴ ስነግረው ጠረጴዛውን በቡጢ መታና «ይኸው!» አለ። ለአንድ ሳምንት ያገኘውን ሁሉ ስለ ቁልፉ ሲያወራ ሰነበተ።

እኔን ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። ቁልፉ ያረጋገጠው ቆዳና ብረት መኖራቸውን ነው። መጥፎ መሆናቸውን አላረጋገጠም። ሁለቱ ሰዎች «ባይል» ያሉት ከቁልፉ በፊት ነው፤ ወይን ብረት ብረት ሊል አይገባም የሚለው ሕግ አብሯቸው ከቤታቸው የመጣ ነው። አክስቴ ቤት ቢሆን ኖሮ ደግሞ ቁልፉን በርሜሉ ውስጥ የጨመረችው ራሷ ናት። ጭሱ ሳይታወቅ የገባ ነገር አይደለማ! ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ጋኑን በግራዋ አሽታ አጥባ፣ ወይራውን ሰንጥቃ፣ ፍሙ ላይ አድርጋ፣ ጋኑን ደፍታበት የምታጥነው ሆን ብላ ነው። ጭሱ ያልገባበት ጠላ እሷ ዘንድ ያልተጠመቀ ነው።

ደብረ ብርሃን ሳለን እትዬ (እንደዚያ ነው የምላት) ጠላ ትሸጥ ነበር። በራችን ላይ በረጅም እንጨት ጫፍ ጣሳ ተደፍቶ ይታያል፤ ከዚያ ሌላ ማስታወቂያ አልነበረም። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ቅዳሜ ደግሞ ከገጠር ገብስ ጭነው የመጡ ባላገሮች ይገባሉ። ጌሾ የሚወቀጠው በእኔ ክንድ ነበር። ቅጠሉ ውኃ ውስጥ ሰንብቶ ይጠነሰሳል፤ ቂጣውና ብቅሉ ይጨመራል፤ ቀጥሎ አሻሮው ገብቶ ድፍድፍ ይሆናል፤ ከዚያ በውኃ ቀጥኖ አፉ ይመረጋል። ጥሩው ተቀድቶ ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውኃ ይጨመርና ቅራሪ ይወጣዋል። ቅራሪው የቤተሰብ ነው። እትዬ ከሸጠችው ጠላ ራሷ ስትጠጣ ያየኋት በበዓል ብቻ ነው።

ኦሮራ ላይ ይህን ለመድገም ያደረግሁትን ሰው ቢሰማ ይስቃል። ጌሾውን ሃቫና ጎዳና ካለ የእኛ ሱቅ ገዛሁ። ብቅል ጎረቤቴ ሰጠኝ። ጋን የለም፤ ከሜክሲኮዎች ሱቅ የሸክላ ድስት አመጣሁ። ወይራ ደግሞ ለሥጋ መጥበሻ ተብሎ በፌስታል ታሽጎ ይሸጣል፤ ስንጣሪው አምስት ዶላር ከሃምሳ ይሆናል ብዬ ገብቼ አሥራ ስምንት ዶላር ከፈልኩ። ጓሮ ውስጥ ድስቱን ሳጥን አንዲት ጎረቤት እሳት አደጋ ልትጠራ ስልኳን አንሥታ ነበር። የወጣልኝ አንድ ጋሎን ነው። በጠርሙስ አሸግሁት።

መላክ ሲመጣ ችግር ገጠመን። በየትኛው ሕግ ይዳኝ? ጎረቤቴ መመሪያውን ገለጠ። ከታሪካዊ ቢራዎች ተርታ የፊንላንዶች ሳህቲ አለ። በጭስ የታጠነ ስንዴ የሚገባበት የፖላንዶች ግሮጂስኪ አለ። ሊሽተንሃይነር የሚባል የጀርመን ቢራ አለ፤ ጎምዛዛም ጭሳምም ነው፤ ስለ እሱ የተጻፈውን ሲያነብልኝ «እትዬ ጀርመን ገብታ ነበር እንዴ?» አልኩት። ጠላን ግን ብንገለብጥ ብንገለብጥ አላገኘነውም። እንዲህ ሲሆን ላኪው ራሱ ቢራው ምን መምሰል እንዳለበት በሁለት ሦስት መስመር ጽፎ ይልካል፣ ዳኛው በዚያ ይመዝነዋል። ጻፍኩ። ገብስ፣ ጌሾ፤ መጠነኛ ጉምዛዜ፤ «ቀለል ያለ» የወይራ ጭስ።

ቀለል ያለ። ለምን እንደዚያ እንደጻፍኩ አውቃለሁ። ፈረንጅ ሊቀምሰው ነው ብዬ አፍሬ ነው። ስለዚህ ያ ዳኛ አልበደለኝም። ሕጉን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ እሱ በሰጠሁት ሕግ ፈረደ። ቀምሶት የማያውቀውን ከ50 የቆጠረው እኔ በጻፍኳት አንዲት የፈሪ ቃል ነው።

እንዲህ ካልኩ በኋላም ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ነጥብ መስጠት ራሱ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ፍርድ ነው? ምስጋና ነው? ወይስ ዝም ብሎ ልኬት?

አማርኛችን በዚህ በኩል ጉደኛ ነው። ጠላ ይጠመቃል፣ ሰውም ይጠመቃል። ጠማቂዋ ጋን አጠገብ፣ አጥማቂው ባሕረ ጥምቀቱ አጠገብ። በጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላን እናከብራለን፤ ቃና ደግሞ የቦታ ስም ብቻ አይደለም፣ በአማርኛ ጣዕም ነው፤ ወጥ ቃና የለውም፣ ዜማው ቃናው ልዩ ነው እንላለን። የዕብራውያኑ መንደር ስምና የእኛ ቃል መገጣጠማቸው አጋጣሚ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ልጅ ሆኜ ያ በዓል የጣዕም በዓል ነበር የሚመስለኝ፤ ደግሞም ብዙ አልተሳሳትኩም። ውኃው ወይን በሆነበት በዚያ ሰርግ ላይ አንድ ቀማሽ ዳኛ አለ፦ አሳዳሪው። ይቀምሳል፣ ያወዳድራል፣ ውጤት ይሰጣል፤ የኋለኛው ከፊተኛው ይበልጣል ብሎ ሙሽራውን ጠርቶ ይናገራል። የቀመሰውም ከየት እንደመጣ ሳያውቅ ነው፤ የውድድሩ አዳራሽ ውስጥ እንዳሉት ዳኞች። ወንጌላዊው ዮሐንስ ግን እግረ መንገዱን አንድ ነገር ጣል ያደርጋል፦ ውኃውን የቀዱት አሳላፊዎች ያውቁ ነበር።

ብርጭቆ እየቀዳሁ በቆምኩበት ቀን ይህ ነው ትዝ ያለኝ። አሳዳሪው አልተሳሳተም። ምላሱ የሠለጠነ ነው፣ አወዳድሯል፣ ወገንተኝነት የለበትም፤ የሂዩምን ፈተና ሁሉ ያልፋል። ሙሉ ነጥብ ሰጥቷል። ሆኖም ፊቱ የተደረገው ነገር አመለጠው። ውኃውን የቀዱት ግን፣ አልቀመሱም ይሆናል፣ ምን እንደያዙ ያውቃሉ።

ይህን ስል የቀማሾችን ሥራ ማጣጣሌ አይደለም፤ ጎረቤቴ ቢሰማኝ ይቀየመኛል። እንዲያውም በዚያ ወረቀት ላይ የሚከበር ነገር አለ። አንደኛ፣ የማይጠጣ፣ የተበላሸ ቢራ እንኳ ቢቀርብላቸው ብዙውን ጊዜ ከ13 በታች አይሰጡም። ቢራውን ስለ ጠመቀው ሰው ሲሉ የሚተዉት ነገር ነው፤ ሰውዬው ቅዳሜውን ሰውቶበታልና። ሁለተኛ፣ ዳኛው ስሙን ይጽፋል፣ አድራሻውን ይሰጣል። የሚሞግተው ካለ ይሞግተው። በስልክ ከሚደረገው ምዘና ጋር አወዳድሩት፤ አንታፕድ የሚባለው ከ2010 ጀምሮ ሰዉን ይዞታል፤ ሰውዬው ሦስተኛውን ብርጭቆ ሳይጨርስ በአውራ ጣቱ ከ5 ሦስት ተኩል ይሰጥና ወደ አራተኛው ይሄዳል። ብዙ ዓይነት በቀመሱ ቁጥር ሽልማት አለው። ቀማሽ ነኝ የሚል ሰካራም ድሮም ነበር፤ አሁን መዝገብ ያዘ እንጂ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የመጨረሻው ጠረጴዛ ነው። ከየዓይነቱ አንደኛ የወጡት ተሰብስበው የሁሉም የበላይ ሲመረጥ ወረቀቱ ይነሣል። ነጥብ የለም። ከስንዴ ቢራና ከጥቁር ስታውት ማን ይበልጣል? እንዲህ ያለውን የሚያወዳድር ሕግ ስለሌለ ዳኞቹ ብርጭቆዎቹን መሐል አድርገው እንደ ሽማግሌ ይከራከራሉ። አንዱ ይዞ ይማልዳል፣ ሌላው ይመልሳል፣ አንድ ብርጭቆ ከመሐል ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሲጽፉ የዋሉ ሰዎች ዋናው ነገር ላይ ሲደርሱ ቁጥሩን አስቀምጠው ማውራት ጀመሩ።

ነጥብ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ የዌስትፍሌተረን መነኮሳት ያውቃሉ። ቤልጂየም ውስጥ በ1831 የተመሠረተ የቅዱስ ሲክስቱስ ገዳም ነው፤ የትራፒስት ሥርዓት ይከተላል። 12 የሚባለው ጥቁር ቢራቸው አልኮሉ 10.2 በመቶ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ጠርሙሱ ላይ ወረቀት አይለጠፍበትም ነበር፣ በቢጫ ቆርኪው ነበር የሚታወቀው። በ2005 ሬትቢር የተባለው የጠጪዎች ምዘና የዓለም አንደኛ አለው። ሰዉ በመኪና እየተሰለፈ ገዳሙን አጨናነቀ። ሌላ ጠማቂ ቢሆን ሁለተኛ ፋብሪካ ይከፍት ነበር። መነኮሳቱ ግን ምርታቸውን አልጨመሩም። የሚጠምቁት ለመኖር እንጂ የሚኖሩት ለመጥመቅ እንዳልሆነ ተናገሩና ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ።

የሚመሩበት የቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት በ6ኛው መቶ ዘመን የተጻፈ ነው። 57ኛው ምዕራፍ ስለ ገዳም ባለሙያዎች ይናገራል፦ በሙያው የታበየ ካለ ራሱን ዝቅ እስኪያደርግ ከሥራው ይነሣ፤ ገዳሙ የሚሸጠውም ዓለማውያን ከሚሸጡበት በመጠኑ ይርከስ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ነጥብ ክፉ የሚሆነው ለቀማሹ ሳይሆን ለጠማቂው ይሆን እንዴ? 23 አናደደኝ። 45 ቢሆን ኖሮስ? ወረቀቱን ፍሬም አስገብቼ እሰቅለው እንደነበር ራሴን አውቃለሁ። ሌላም የምወድላቸው ነገር አለ፦ በትራፒስት ገዳማት ለመነኮሳቱ ማዕድ የሚቀርበው ቀለል ያለው ቢራ ነው፤ ብርቱው ለእንግዳና ለገበያ ይወጣል። ቅራሪው የቤተሰብ ነው።

ዲያቆን ሳለሁ ቤተልሔም ውስጥ ዘቢቡን አጥበን፣ ዘፍዝፈን፣ ጨምቀን ነበር የምናዘጋጀው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ የእኔ እኩያ «ዛሬስ ጣፍጦ ነበር» አለ። ቄሰ ገበዙ ምንም አልተናገሩም። ጆሮውን ይዘው ወደ ውጭ አወጡት፤ ለሦስት ቀን ብቻውን ውኃ ሲቀዳ ሰነበተ። ያን ጊዜ አልገባኝም። አመሰገነ እንጂ ምን ነቀፈ? አሁን ሳስበው ያ ልጅ ከ50 ሃምሳ መስጠቱ ነበር። ሃምሳም ነጥብ ነው፤ ሃምሳ የሰጠ ሰው አርባም መስጠት ይችል ነበር ማለት ነው። ዳዊት ግን ስለ አምላክ ቸርነት ሲናገር ቅመሱ ይላል፣ ከማየትም አስቀድሞ። መቅመስ ሳይኖር አይሆንም። ቄሰ ገበዙ ጆሮ የያዙት ስለ ቀመሰ አይደለም።

የውድድሩ ውጤት በደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ለእትዬ ደወልኩ። ጆሮዋ ትንሽ ከብዷል፤ እየጮኽኩ ነው የምነግራት። ጠላ ጠምቄ ለፈረንጆች ላክሁ፣ ከሃምሳ ሃያ ሦስት ሰጡኝ አልኳት።

«ሃያ ሦስት ምን?»

«ነጥብ።»

ዝም አለች። ከዚያ «ማን ቀመሰላቸው?» አለችኝ።

«እነሱ ናቸዋ የቀመሱት፣ ዳኞቹ።»

«እሱን አይደለም የምልህ። ስትሰጣቸው ማን ቀመሰላቸው? አንተ ቀምሰህ ነው የሰጠኻቸው?»

እዚያ ላይ ነው ሁሉም የመጣብኝ። እትዬ ለማንም ሰው ጣሳ ስታቀርብ በመጀመሪያ ከጣሳው ግራ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርጋለች። ዓይኑ እያየ ትቀምሰዋለች። እጇን በመቀነቷ ጫፍ ትጠርግና ጣሳውን በሁለት እጇ ትሰጠዋለች። የፋብሪካ ሠራተኛም ይሁን የማታውቀው መንገደኛ። ሽማግሌዎች ይህ ከመርዝ ፍርሃት የመጣ ነው ይላሉ፤ በየመኳንንቱ ቤት ጠጅ አሳላፊ ቀድሞ ካልቀመሰ ጌታው አይጠጣም ነበር። ነህምያም የንጉሥ አርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። እትዬ ቤት ግን የሚመረዝ መኳንንት አልነበረም። ጠላው ኮምጥጦ ከሆነ በመጀመሪያ ፊቷ ላይ ይታያል። ምን እንደምትሰጥህ ቀድማ አፏ ውስጥ አስገብታዋለች፤ ከዚያ በኋላ ብትነቅፈው ሁለታችሁ የምታውቁትን ነው የምትነቅፈው። ያ ቅምሻ ውጤት አይወጣውም፤ ጣሳው ወደ አንተ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል እንጂ።

እኔ አልቀመስኩም ነበር። ጠርሙሱን አሽጌ ቁጥር ለጥፌ ላክሁ፤ ለማላውቀው ሰው፣ ለማያውቀኝ ሰው፣ ዋሽቼ «ቀለል ያለ ጭስ» ብዬ ጽፌ።

«አልቀመስኩም» አልኳት።

«እንዲያ ከሆነ ሃያ ሦስት ምን አነሰህ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ጌሾው ከየት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሱቅ ነው ስላት «ያረጀ ነው» አለች።

አንድ ጠርሙስ ተርፎ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤቴን ጠራሁት። ቆርኪውን ሳነሣው አረፋው ፈነዳና እስከ ክንዴ ወረደ። እነሱ እንዲህ የሚገነፍለውን ጠርሙስ «ጋሸር» ይሉታል፤ እኛ ያልጠራውን «ጉሽ» እንለዋለን፤ ምንም ዝምድና የላቸውም፣ ያን ዕለት ግን አንድ ሆኑብኝ። ጎረቤቴ ጨርቅ ሊያመጣ ሲነሣ ቆይ አልኩት። ግራ እጄን ዘረጋሁና ጠብ አደረግሁበት። እያየኝ ቀመስኩት።

እውነትም ጭሱ በዝቷል። ቀዳሁለት።